ከቡጢው ባሻገር ያለው ጨዋታ ይነገረን፦ ለአማርኛ የስፖርት ዝግጅት ክፍሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በአካባቢው ለሚደመጡ የሬዲዮ ጣቢያዎች የስፖርት ዝግጅት ክፍሎች፣ እንዲሁም በአማርኛ ለሚዘግቡ የስፖርት ጋዜጠኞች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የበረዶ ሆኪ ዜና ተሟልቶና በቋሚነት እንዲቀርብ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ የስፖርት ዝግጅት ክፍል ኃላፊዎችና ጋዜጠኞች፤

በቅድሚያ አክብሮት የተሞላ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የደሴ ከተማ ነዋሪና የዘወትር አድማጫችሁ ስሆን፣ የበረዶ ሆኪን፣ ማለትም በበረዶ ሜዳ ላይ እየተንሸራተቱ ጠፍጣፋ ጎማ በዱላ እየመቱ ግብ የሚያስቆጥሩበትን ጨዋታ፣ ለብዙ ዓመታት በቅርብ ስከታተል ቆይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በግል ከመላክ ይልቅ በግልጽ ማውጣትን የመረጥኩት፣ ጉዳዩ የእኔ ብቻ ሳይሆን እንደ እኔው ስፖርቱን ወደው በአገራቸው ቋንቋ የሚነግራቸው ያጡ ሰዎች ሁሉ ጉዳይ ስለሆነ ነው። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ስለዚህ ስፖርት ስትናገሩ ጠቡንና ደሙን ብቻ ነጥላችሁ ከማቅረብ ተቆጥባችሁ፣ ጨዋታውን፣ ተጫዋቾቹንና በውስጡ የሚካሄዱትን ብርቱ ክርክሮች እንድትነግሩን ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በፌብሩዋሪ 2025 በሞንትሪያልና በቦስተን የተካሄደው የአራቱ አገሮች ውድድር የተዘገበበት መንገድ ነው። ካናዳ፣ ዩናይትድ ስቴትስ፣ ስዊድንና ፊንላንድ የተሳተፉበት ይህ ውድድር፣ ከ2016 የዓለም ዋንጫ ወዲህ የሰሜን አሜሪካው ታላቅ ሊግ፣ ማለትም የኤንኤችኤል፣ ምርጥ ተጫዋቾች የየአገራቸውን መለያ ለብሰው የተገናኙበት የመጀመሪያው መድረክ ነበር። በወሩ 15ኛ ቀን አሜሪካና ካናዳ ሞንትሪያል ላይ ሲገናኙ፣ ጨዋታው በተጀመረ በ9 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ድብድብ ተነሣ። አንድ ጣቢያ ይህንኑ «በረዶ ላይ የሚደረግ ቦክስ» ብሎ በሳቅ አጅቦ አቀረበው። አሜሪካ 3 ለ 1 ማሸነፏን እንኳ የነገረን አልነበረም። ከአምስት ቀን በኋላ ቦስተን ላይ የተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ደግሞ ጨርሶ አልተነሣም። በዚያ ፍጻሜ ላይ ቡጢ አልነበረም። የነበረው ሲተች የሰነበተው የካናዳ በረኛ ጆርዳን ቢኒንግተን በተጨማሪው ሰዓት እጅግ አደገኛ ሙከራዎችን ማዳኑ፣ ቀጥሎም ኮነር ማክዴቪድ ግብ አስቆጥሮ ካናዳን 3 ለ 2 ማሸነፍ ማስቻሉ ነው። በስፖርት ታሪክ ውስጥ ለዓመታት የሚወሳ ምሽት አልፎ፣ ለእኛ የደረሰን የመጀመሪያው ጨዋታ 9 ሰከንድ ብቻ ሆነ።

ድብድቡ የለም እያልኩ አይደለም፤ መደበቅም የለበትም። ነገር ግን ሲነገር ከነምክንያቱና ከነክርክሩ ይነገር። በኤንኤችኤል ደንብ ሁለት ተጫዋቾች ቢደባደቡ እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ በቅጣት ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደ ጨዋታው ይመለሳሉ። በዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን ደንብና በኦሎምፒክ ግን የተደባደበ ተጫዋች ከጨዋታው ይባረራል። ያው ስፖርት ሆኖ ሳለ በአንዱ ቤት የተፈቀደ ያህል የሚታየው በሌላው ቤት የሚያስባርር መሆኑ በራሱ ትልቅ ዜና ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ኤንኤችኤል የዓለም አቀፉን ደንብ ሊቀበል ይገባል። ቡድኖች ለመደባደብ ሲሉ ብቻ ያሰለፏቸው ተጫዋቾች ነበሩ፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዴሪክ ቡጋርድ በ2011 በ28 ዓመቱ ሲሞት፣ አንጎሉ ተመርምሮ በተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚመጣ በሽታ ተገኝቶበታል። ይህን የሚያውቅ ሰው በዚያ ቡጢ ላይ አይስቅም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያለ የኖረ ሕዝብ፣ ዱላ ተይዞ በሚደረግ ጨዋታ ውስጥ ትዕግሥት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚህ ይልቅ ሊነገረን የሚገባው አንዱ ጉዳይ የብሔራዊ ቡድንና የክለብ ፍጥጫ ነው። የኤንኤችኤል ተጫዋቾች ከ1998 የናጋኖ ኦሎምፒክ ጀምሮ እስከ 2014 የሶቺ ኦሎምፒክ ድረስ ለአገራቸው ተሰልፈዋል። በ2018 ሊጉ አልለቅም አለ፤ በ2022 ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ቀሩ። በ2024 በተደረሰው ስምምነት መሠረት በ2026 የሚላኖ ኮርቲናና በ2030 የክረምት ኦሎምፒኮች እንዲሳተፉ ተወሰነ። በመካከሉ የሙያ ዕድሜያቸው ያለፈባቸው ተጫዋቾች ይህን ዕድል ለዘለዓለም አጥተዋል። የክለብ ባለቤቶቹ ቅሬታ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ሊጉ በውድድር ዘመኑ እኩሌታ ይቋረጣል፣ ተጫዋችም ይጎዳል። በሶቺ የኒው ዮርክ አይላንደርስ አምበል ጆን ታቫሬስ ጉልበቱን ተጎድቶ የቀረው የውድድር ዘመን አምልጦታል፤ ደመወዙን የሚከፍለው ክለብ ከኦሎምፒኩ ያገኘው አንዳች ጥቅም የለም። ተጫዋቾቻቸውን ለብሔራዊ ቡድን ሲለቁ የሚሰጉ የእግር ኳስ ክለቦችን ክርክር ስትዘግቡ የኖራችሁ እናንተ ይህን ነገር ለማስረዳት ከማንም ይልቅ ቅርብ ናችሁ።

የሆነ ሆኖ ሚዛኑ ወደ ተጫዋቹ ሊያደላ ይገባል ብዬ አምናለሁ። የአንድ ሰው ምርጥ የጨዋታ ዘመን አጭር ነው፤ ኦሎምፒክ ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ ይመጣል። የባለቤቶቹ ስጋት በመድን ዋስትናና በካሳ ሊመለስ ይችላል፤ ያመለጠ ኦሎምፒክ ግን በምንም አይመለስም። በዚህ ረገድ የአራቱ አገሮች ውድድር እንኳ ጉድለት ነበረበት፤ ከዓለም ምርጥ ተጫዋቾች መካከል የሚቆጠሩት ጀርመናዊው ሊዮን ድራይሳይትልና ቼካዊው ዳቪድ ፓስተርናክ አገሮቻቸው ባለመጋበዛቸው ከቤታቸው ሆነው ተመልክተዋል። በግንቦት ወር ገደማ በየዓመቱ የሚካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በበኩሉ ከኤንኤችኤል የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ጋር ስለሚጋጭ፣ ክለባቸው ገና ያልተሰናበተ ተጫዋቾች ሊገኙበት አይችሉም። ለ2028 የታቀደው የዓለም ዋንጫ የአገሮቹን በር ሰፋ አድርጎ ቢከፍት ስፖርቱ ራሱ ይጠቀማል።

ይህን ስል የዓለም ሻምፒዮናውን ለማቃለል አይደለም፤ እኔ በግሌ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው። በ2025 በስቶክሆልምና በዴንማርኳ ሄርኒንግ በተካሄደው ሻምፒዮና፣ ወደ ስድስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ዴንማርክ በሩብ ፍጻሜው ካናዳን 2 ለ 1 ጣለች። የዴንማርክ ሁለቱም ግቦች የገቡት በጨዋታው ማብቂያ ደቂቃዎች ውስጥ ነበር። የካናዳን ቡድን የመራው በረጅም የሙያ ዘመኑ ዋንጫ ሁሉ ያነሣው ሲድኒ ክሮዝቢ ነው። ስዊዘርላንድ ደግሞ በ2024 በቼክ፣ በ2025 በአሜሪካ እየተሸነፈች ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ከፍጻሜ ደርሳ ወርቁን አጣች፤ ሁለተኛው ሽንፈቷ 1 ለ 0 የተጠናቀቀውና በተጨማሪው ሰዓት ቴጅ ቶምሰን ባስቆጠራት ግብ የተወሰነው ነው። አሜሪካ ራሱን ችሎ በተካሄደ የዓለም ሻምፒዮና ስታሸንፍ ከ1933 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ተጫዋቾቹ ወርቁን ሲቀበሉ የጆኒ ጎድሮን 13 ቁጥር መለያ ይዘው ወደ በረዶው ወጡ፤ ጆኒ ከወንድሙ ከማቲው ጋር በኦገስት 2024 በብስክሌት ሲጓዙ በመኪና ተገጭተው ሕይወታቸው አልፎ ነበር። የሞተ ጓደኛን በድል ቀን አለመርሳት እኛ ወሎዬዎች በደንብ የምናውቀው ወግ ነው፤ ይህ ታሪክ በሬዲዮ ቢተረክ ስለ ሆኪ ምንም የማያውቅ አድማጭ እንኳ ጆሮውን ያቀና ነበር።

ስለ ሩሲያና ስለ ቤላሩስ ባጭሩ ልናገር። ፌዴሬሽኑ በዩክሬን ጦርነት ምክንያት በፌብሩዋሪ 2022 ቡድኖቻቸውን ከውድድሮቹ አግዷል። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኦቬችኪን ግን በኤንኤችኤል መጫወቱን ቀጥሎ በኤፕሪል 6 ቀን 2025፣ 895ኛ ግቡን አስቆጥሮ የዌይን ግሬትስኪን የሊጉ የምንጊዜም የግብ ክብረ ወሰን አልፏል። ፌዴሬሽኑ እገዳውን ሲያራዝም ዘወትር የሚጠቅሰው የተሳታፊዎችን ደኅንነት ነው። ይህ አያጠግበኝም። ምክንያቱ ጦርነቱ ከሆነ ጦርነቱ ነው ተብሎ በግልጽ መነገር አለበት፤ እንዲህ ሲሆን እገዳው የሚነሣበት ሁኔታም ለሁሉም ግልጽ ይሆናል።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደማስብበት ጉዳይ ልግባ። በኦክቶበር 28 ቀን 2023 በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ በተደረገ ጨዋታ ላይ የኖቲንግሃም ፓንተርስ ተጫዋች የነበረው አሜሪካዊው አዳም ጆንሰን አንገቱን በበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ስለት ተቆርጦ ሞተ። ዕድሜው 29 ነበር። በእኛ ዘንድ ይህ ዜና በስልክ ከስልክ የተላለፈው በቪዲዮ ነው፤ ያየ ሁሉ ዘገነነው፣ ከዚያም ረሳው። ከዚያ በኋላ የሆነውንና እስከ ዛሬ የዘለቀውን ክርክር ግን በአማርኛ የዘገበ አላገኘሁም።

የጫማው ስለት ውፍረቱ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከሥሩ ጎድጎድ ተደርጎ ስለሚሳል በሁለት በኩል ስል ጠርዝ አለው። በረዶውን ነክሶ ለመዞርና ለመቆም የሚያስችለውም ይህ ነው። ተጫዋቾች በከፍተኛ ፍጥነት እየተጋጩ በሚወድቁበትና እግር ወደ ላይ በሚነሣበት ሜዳ ላይ ይህን ይዞ መጫወት ምን አደጋ እንዳለው ከታወቀ ቆይቷል። በ1989 የበፋሎ በረኛ ክሊንት ማላርቹክ አንገቱ ላይ ያለው የደም ሥር ተቆርጦ በሕይወት የተረፈው፣ በቬትናም ጦርነት በሕክምና ረዳትነት ያገለገለው የቡድኑ ወጌሻ እጁን ሰዶ ደሙን ስላቆመለት ነው። በ1995 ስዊድናዊው ቤንግት ኦከርብሎም በወዳጅነት ጨዋታ ላይ በተመሳሳይ ጉዳት ሞተ፤ ስዊድን ከዚያ ወዲያ የአንገት መከላከያን ግዴታ አደረገች። በ2008 ሪቻርድ ዜድኒክ እዚያው በፋሎ ከተማ ውስጥ አንገቱን ተቆርጦ ለጥቂት ተረፈ። ስለዚህ የጆንሰን ሞት ማንም ያልጠበቀው ድንገተኛ ነገር ነበር ሊባል አይችልም።

መከላከያው ውድ ወይም ውስብስብ መሣሪያ አይደለም። ስለት በቀላሉ ከማይቆርጠው ክር የተሠራ፣ አንገትን የሚሸፍን ጨርቅ ነው። ከጆንሰን ሞት በኋላ ቲ ጄ ኦሺን የመሰሉ ጥቂት የኤንኤችኤል ተጫዋቾች በራሳቸው ፈቃድ መልበስ ጀመሩ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ለወጣቶች ብቻ ግዴታ የነበረው መከላከያ በአዋቂዎች ውድድርም ግዴታ እንዲሆን መወሰኑን አስታወቀ። ለዚህ ውሳኔ ፌዴሬሽኑን አመሰግናለሁ። ኤንኤችኤልና የተጫዋቾቹ ማኅበር ግን በ2025 በደረሱበት የጋራ ስምምነት ግዴታውን የጣሉት ከ2026–27 የውድድር ዘመን ጀምሮ በሊጉ ውስጥ ገና አንድም ጨዋታ ባላደረጉ አዳዲስ ተጫዋቾች ላይ ብቻ ነው። የቆዩት እንደ ፈቃዳቸው ይሁኑ ተባለ።

ይህ አካሄድ የተለመደ ነው። በጃንዋሪ 1968 የሚኒሶታው ቢል ማስተርተን ወድቆ ጭንቅላቱ ከበረዶው ጋር በመጋጨቱ ሞተ፤ የራስ ቁር አላደረገም ነበር። ሊጉ የራስ ቁርን ግዴታ ያደረገው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1979 ነው፤ እሱም በአዲሶቹ ላይ ብቻ። ከድሮዎቹ የመጨረሻው ቁር አልባ ተጫዋች ክሬግ ማክታቪሽ ጫማውን የሰቀለው በ1997 ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው በግልጽ በሚታይ ምክንያት ከሞተበት ቀን አንሥቶ ሁሉም ጭንቅላት እስኪሸፈን ድረስ 29 ዓመት አለፈ ማለት ነው። በ2013 የዓይን መከለያው ግዴታ ሲሆንም ያው መንገድ ተደግሟል። አሁን ደግሞ በአንገት ላይ ሦስተኛ ጊዜ ሊሆን ነው። ስለቱ አዲሱን ተጫዋች ከነባሩ ለይቶ አይቆርጥም፤ የሚጫወት ሰው ሁሉ አንገቱን እኩል ይሸፍን።

ተጫዋቾቹ መከላከያው ይሞቃል፣ አንገት ይይዛል፣ ከልጅነት ያልለመዱት ነገር ነው ይላሉ። ቅሬታቸውን አልንቅም፤ ሥራው የእነሱ ነው፣ ሰውነቱም የእነሱ ነው። ነገር ግን በ1959 የሞንትሪያሉ በረኛ ዣክ ፕላንት ፊቱ ተሰንጥቆ ከተሰፋ በኋላ ጭንብል ካላደረግሁ አልመለስም ሲል፣ በረኛ ፊቱን ከሸፈነ ጨዋታውን በደንብ አያይም ብለው የተቃወሙት ጥቂት አልነበሩም። ዛሬ ከመቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የሚወረወር ጎማ በባዶ ፊት የሚጠብቅ በረኛ የትም የለም። ልማድ በደንብ ይለወጣል፤ ደንቡ በሁሉም ላይ እኩል ከወጣ ደግሞ ማንም ከማንም ፈሪ መስሎ አይታይም። አንድ የአንገት ጨርቅ ለመልበስ ሌላ አስከሬን መጠበቅ የለበትም ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ፤ ይህ ክርክር በእኛም ቋንቋ እንዲሰማ የምሻው ለዚህ ነው። በዱላ የሚደረገውን የገና ጨዋታ በውድድር መልክ የሚያካሂደው የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽንም ሆነ በየወረዳው ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ ሰዎች፣ ተጫዋችን ከጉዳት ስለ መጠበቅ ከሆኪ ታሪክ የሚወስዱት ቁም ነገር አያጡም።

የሴቶቹን ሊግም አትርሱት። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 በስድስት ቡድኖች የተጀመረው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ሞንትሪያል ላይ በአንድ ጨዋታ 21,105 ተመልካች ሰብስቧል፤ በ2025–26 ቫንኩቨርና ሲያትል ተጨምረው ቡድኖቹ ስምንት ሆነዋል። ከዚህ ቀደም የነበረው የካናዳ የሴቶች ሊግ በ2019 ሲፈርስ፣ በዓለም ምርጥ የነበሩት ተጫዋቾች ደመወዝ የሚከፍል ሊግ እንዲቋቋም ተባብረው በየከተማው እየዞሩ ተጫውተዋል። ሴት ሯጮቿ ስሟን ባስጠሩላት አገር ይህ ታሪክ አድማጭ ያጣል ብዬ አልገምትም።

ይህ ሁሉ ለወሎ ሰው ምኑ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። በመጀመሪያ፣ ልጆቻችን እዚያ ናቸው። በቶሮንቶ፣ በካልጋሪ፣ በኤድመንተን፣ በስቶክሆልምና በኦስሎ የሚኖር ዘመድ የሌለው ቤት በደሴ ጥቂት ነው፤ በእነዚህ ከተሞች ሁሉ የበረዶ ሆኪ የትምህርት ቤት ልጅ ጨዋታ ነው። አያት ከልጅ ልጇ ጋር በስልክ ስታወራ ልጁ ስለሚወደው ቡድን አንድ ቃል ብትናገር ምን ያህል እንደሚያቀራርባቸው አስቡት። ኤድመንተን በ2024 ከፍሎሪዳ ጋር በተደረገው የስታንሊ ዋንጫ (የኤንኤችኤል ሻምፒዮን የሚለይበት፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ የሚወስደው ዋንጫ) ፍጻሜ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 0 ከተመራ በኋላ ተነሥቶ 3 ለ 3 አድርሶ፣ በሰባተኛው ጨዋታ 2 ለ 1 ሲሸነፍ፣ በ2025ም ለዚያው ቡድን እጅ ሲሰጥ፣ በዚያች ከተማ ያሉ ወገኖቻችንም አብረው አዝነዋል። ከ1993 የሞንትሪያል ድል ወዲህ እስከዚያ ዓመት ድረስ አንድም የካናዳ ቡድን ዋንጫውን አላነሣም ነበር።

ሁለተኛም ስፖርቱ የነጭ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከእውነቱ የራቀ ነው። በካናዳዋ ሃሊፋክስ ጥቁር ተጫዋቾች የራሳቸውን ሊግ ያቋቋሙት በ1895 ነው፤ ኤንኤችኤል የተመሠረተው ከዚያ 22 ዓመት ዘግይቶ በ1917 ነው። ዊሊ ኦሪ በጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ለቦስተን ተሰልፎ የመጀመሪያው ጥቁር የኤንኤችኤል ተጫዋች ሲሆን፣ ቀኝ ዓይኑ ማየት እንደማይችል ደብቆ ነበር የሚጫወተው። ከአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ ከ1937 ጀምሮ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አባል ናት። ጎረቤታችን ኬንያ በ2005 ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ሆቴል በተከፈተ አነስተኛ የበረዶ ሜዳ ላይ ቡድን አፍርታ በ2024 አባልነት አግኝታለች። እኛም ብንሆን ከክረምት ስፖርት ጋር ጨርሶ ባዕድ አይደለንም፤ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን፣ በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒኮች የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል።

ደሴ ላይ የበረዶ ሜዳ ይሠራልን የሚል ጥያቄ አላነሣሁም፤ መብራትና ውኃ በወጉ ባልተዳረሰበት ሁኔታ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም። የአምባ ፈሪትና የደላንታ ውርጭም ሜዳ የሚሆን በረዶ አይሠራም። የምጠይቀው ወሬውን ነው፤ ወሬው ደግሞ ወጪ የለውም።

እንዲያውም ሰዓቱ ለእናንተ የተመቸ ነው። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ከተሞች ምሽት ላይ የሚጀመሩት ጨዋታዎች እንደ ወቅቱ በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ጀምረው የሚያልቁት ሊነጋጋ ሲል ነው። የጠዋቱ የስፖርት ዜናችሁ አየር ላይ ሲወጣ ውጤቱ ትኩስ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ከአውሮፓ እግር ኳስ ዜና ይልቅ ይህ ለጠዋት ዝግጅት ይስማማል። የዓለም ሻምፒዮናው የምሽት ጨዋታዎች ደግሞ በእኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሚጀመሩ፣ ሰው ከሥራ ገብቶ ቡናውን ጠጥቶ በተረጋጋበት ሰዓት ነው የሚደርሱት።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው የሚከተለው ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በኤፕሪል ከሚጀምሩት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች አንሥቶ እስከ ዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ ድረስ፣ ለበረዶ ሆኪ አሥር ደቂቃ ስጡ። የድብድብ ምስልና ድምፅ ስታቀርቡ የጨዋታውን ውጤት፣ የተሰጠውን ቅጣትና ደንቡን አብራችሁ ተናገሩ። ተጫዋች ሲጎዳ ወይም ሲሞት ቪዲዮውን ከመደጋገም ይልቅ ቀጥሎ የተወሰነውን ወይም ሳይወሰን የቀረውን ተከታተሉ። በዚያ በኩል ያሉ ወገኖቻችንን በስልክ መስመር አስገብታችሁ አነጋግሩ፤ ልጆቻቸውን ጠዋት ማለዳ ወደ በረዶ ሜዳ የሚያመላልሱ ወላጆች ብዙ የሚነግሩን አላቸው። የተጫዋቾችን ስም አጠራር ለማቃናትም ሆነ የደንቡን ዝርዝር በአማርኛ ለማዘጋጀት የሚረዳ ሰው ካስፈለጋችሁ፣ እኔ ያለ ምንም ክፍያ የጨዋታዎቹን ጭምቅ በየሳምንቱ በጽሑፍ አዘጋጅቼ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ፤ ማንኛውም ጣቢያ ወይም ጋዜጠኛ ስሜን ሳይጠቅስ ሊጠቀምበት ይችላል።

ይህን ደብዳቤ ያነበቡ ሌሎች ተከታታዮችም፣ በተለይ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በወልዲያና በላሊበላ ያላችሁ፣ ለምታዳምጡት ጣቢያ በየበኩላችሁ እንድትጽፉ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣

ከደሴ፣ አንድ የበረዶ ሆኪ ወዳጅ